ከስሜ ትይዩ የተጻፈው ቃል

ቃሉን መጀመሪያ ያየሁት ከገዛ ስሜ ትይዩ ተጽፎ ነው።

ሐሙስ ቀን ነበር። ለመልቀቂያ ፈተና የማይቀርቡ ተማሪዎች ስም በዲሬክተሩ ቢሮ በር ላይ ተለጥፏል። አራት ስሞች ናቸው። አንደኛው ወደ ምጽዋ ተዛውሯል፤ ሁለቱ ከገና ወዲህ አልታዩም። ይህ ሁሉ በአማርኛ ተጽፏል። ከአራተኛው ስም፣ ማለትም ከእኔው ስም፣ ትይዩ ግን አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ሰፍሮ ነበር፤ «አብስኮንድድ» ይላል። የእጅ ጽሕፈቱን አውቀዋለሁ። የህንዳዊው የእንግሊዝኛ መምህራችን ነው፤ ፊደሎቹ እንደ ሸሚዙ የተተኮሱ ይመስላሉ። ከግርጌ ደግሞ ለፈተና የሚቀርቡት ስም ዝርዝር ቅዳሜ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ እንደሚላክ ተገልጿል። ከተላከ በኋላ የሚታረም ነገር እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን።

ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። አንደኛ ክፍል የገባሁት በዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ ከዴስኩ በታች አልገባ ብሎኝ የመጀመሪያውን ዓመት በጎን ተቀምጬ ነው የተማርኩት። ሦስተኛ ክፍል ስደርስ የትምህርቱ ቋንቋ ከትግርኛ ወደ አማርኛ ተለወጠ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ያለ ሰው ከመነሻው ተነሣ እንደሚባለው እንደገና ጀመርኩ። በዚያ ሁሉ ዓመት ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። ፈተናውን ያለፈ ሰው ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ማመልከት ይችላል። ጠመኔውን የሚይዘው እጅ የእኔ እንዲሆን ነበር የምፈልገው። ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ስለማልናገር ግን አልፈልገውም ማለት አልነበረም።

ክፍላችን ከሰዓት በኋላ የሚማር የሠራተኞች ክፍል ነው። ከሰባት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ተኩል እንማራለን። ከአጠገቤ የሚቀመጠው ከወሎ መጥቶ በገበያው ዳር ሻሂ ቤት የከፈተ ሰው ነው፤ ዕድሜው ከእኔም ይበልጣል። ዝርዝሩን አንብቤ ገብቼ ስቀመጥ ፊቴን አይቶ፣

«እቴ፣ ምን ሆነሻል? የሰው ሞት ነው?» አለኝ።

ቃሉን በወረቀት ጽፌ አሳየሁት። አገላብጦ ተመለከተው።

«‹ጎበዝ› ማለት ይሆናላ።»

«በር ላይ ነው የተለጠፈው።»

«እንግዲያው አይደለም» አለ፤ «ጎበዝን በር ላይ አይለጥፉም፣ ቢሮ አስገብተው ሥራ ይጨምሩበታል እንጂ።»

ቃሉን አላውቀውም ነበር። እኔ ደግሞ ቃል ሳላውቅ ማደር አልችልም። መዝገበ ቃላት ነበረኝ፤ አገሩ ሊገባ ዕቃውን ከሚሸጥ አንድ ጣሊያናዊ ቤት የገዛሁት። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ግን ተገንጥለው ስለነበር ከሁለተኛው ፊደል ነው የሚጀምረው። ቀዳሚው ባለቤት በአንደኛው ፊደል ምን እንደሠራበት እንጃ። ስለዚህ በ«ኤ» የሚጀምር ቃል ሲገጥመኝ በአሥመራው ዋና ጎዳና፣ በኮምቢሽታቶ ዳር ወዳለው የንባብ ክፍል እሄድ ነበር፤ እሱም የሚከፈተው ጠዋት ነው። እስከ ዐርብ ጠዋት ያንን ቃል ሳላውቀው ተሸክሜው መዋል ነበረብኝ።

ለምን እንደተጻፈብኝ ግን ገና ከዚያን ዕለት ጠርጥሬ ነበር።

የምሠራው ክር ፋብሪካ ነው። የሥራ ፈረቃችን፣ እኛ «ቱርኖ» የምንለው፣ በዐሥር ሰዓት ይቀየራል። ክር የምትጠመጥመው ማኪና አትቆምም፤ ለአንድ ደቂቃ ብቻዋን ከተተወች ዐሥር ቦታ ትበጥሳለች። ስለዚህ በመካከላችን ማንም ያልጻፈው ሥርዓት ነበር፤ ተተኪዋ መጥታ እጇን በማኪናዋ መያዣ ላይ ሳታሳርፍ፣ የምትወጣዋ እጇን አታነሣም። አለቃው ቢያዝ እንኳ አታነሣም። እጅ በእጅ ነው ርክክቡ። በዚያ ዓመት እኔ የምተካት ሴት ሐዝሐዝ ሰፈር የምትኖር አራስ ነበረች። ሕፃኑን ለአማቷ ትታ ነው የምትውለው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጡቷ ሞልቶ ቀሚሷ ይርሳል፤ ያንን ለመሸፈን ነጠላዋን በደረቷ ላይ አራት እጥፍ አድርጋ ታስራለች፤ ግን ከማኪናዋ አትነቃነቅም። አንድ ቀን አይቻት፣ «ከነገ ጀምሮ ሩብ ሰዓት ቀድሜ እመጣልሻለሁ» አልኳት። የተናገርኩትን ቆጥሬ የምፈጽም ሰው ነኝ። ሩብ ሰዓት ማለት ዐሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ ዐሥራ አራት አይደለም። ትምህርት ቤቱና ፋብሪካው መካከል የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ስላለ፣ በየቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ከክፍል መውጣት ነበረብኝ።

አወጣጤ ደግሞ እንዲህ ነው። መምህር ሲናገር ንግግሩን ማቋረጥ ነውር እንደሆነ እየተነገረኝ ነው እኔ ያደግሁት። ለታላቅ ሰው ጀርባ መስጠትም ነውር ነው። ስለዚህ መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ መጻፍ እስኪጀምር እጠብቃለሁ፤ ሲጽፍ ተነሥቼ ነጠላዬን ከትከሻዬ ዝቅ አደርግና፣ ፊቴን ወደ እሱ እንዳዞርኩ ወደ ኋላ እየተራመድኩ፣ በሩ ላይ ጎንበስ ብዬ እወጣለሁ። የመጨረሻውን ሩብ ሰዓት መልመጃ አስቀድሜ ሠርቼ ደብተሬን ለሻሂ ቤቱ ሰው እተውለታለሁ፤ እሱ ከራሱ ጋር ያስረክብልኛል። ከዚህ የበለጠ አክብሮት ምን እንደሆነ ቢጠይቁኝ አላውቅም ነበር። እጅግ በጣም በጥንቃቄ ስለማደርገው፣ እርሳስ እንኳ ወድቆብኝ አያውቅም።

ያን ሐሙስ ይህንን ለሻሂ ቤቱ ሰው በሹክሹክታ ሳስረዳው አፉን በእጁ ይዞ ሳቀ።

«እኔ እስካሁን ዝም ያልኩት እምነትሽ መስሎኝ ነው» አለ። «እንደ ቄስ ወደ ኋላ ትራመጃለሽ። ሰውዬው ታቦት መሰለሽ እንዴ? ወላሂ፣ እሱ የሚያየው እኮ ባዶ ወንበር ነው። ይጽፋል፣ ይዞራል፣ የለሽም። በየቀኑ። እኔ ብሆን ጠንቋይ ብዬ ነበር የምጽፍብሽ።»

እውነት ተናገረ። ያንን ሁሉ ወራት አንዴም ከእሱ ዐይን ሆኜ አላየሁትም ነበር።

ያም ሆኖ በዚያን ዕለትም ሰዓቱ ሲደርስ ወጣሁ፤ ጡት የሚጠብቅ ሕፃን ዝርዝር አያነብም። ፋብሪካ ስደርስ ለአራሷ ነገርኳት። እጄን ማኪናው ላይ አድርጌ ሳለ እሷ የእሷን አላነሣችም።

«ከነገ ጀምሮ በዐሥር ሰዓት ነይ፣ ሓፍተይ» አለችኝ፤ እኅቴ ማለቷ ነው። «ልጁ ይለምደዋል።»

«አንቺስ?»

«እኔም እለምደዋለሁ።»

«እጅሽን አንሺ» አልኳት። «ነገሩ የሩብ ሰዓት ጉዳይ አይደለም፤ የቃል ጉዳይ ነው። ቃሉን ነገ አገኘዋለሁ።»

ዐርብ ጠዋት የንባብ ክፍሉ ሲከፈት በሩ ላይ ነበርኩ። ትልቁን መዝገበ ቃላት አውርጄ ገለጥኩ። ትርጉሙን እንዲህ ብዬ ገለበጥኩት፤ በድብቅና በድንገት ጥሎ መሄድ፤ በተለይም ከሕግ ለማምለጥ ወይም ከኃላፊነት ለመሸሽ። ከዚያ ምሳሌዎቹ ይከተላሉ። ሣጥኑን ይዞ የተሰወረ ገንዘብ ያዥ። ከጠባቂዎቹ እጅ ያመለጠ እስረኛ። ዋስ ጠርቶ በቀጠሮው ቀን ያልቀረበ ተከሳሽ። እኔ ከነዚህ ሁሉ ጋር በአንድ ገጽ ላይ ቆሜአለሁ።

ከታች በደቃቅ ጽሕፈት አንድ ሌላ አገባብ ነበር፤ ስለ ንብ ነው። መንጋው በሙሉ ቀፎውን ጥሎ ሲሄድ በዚያው ቃል ይባላል ይላል። ይህን ሳነብ ጥቂት ቀለለኝ። እኛ አገር ንብ ቀፎውን ትቶ ሲሄድ ሰው የሚጠይቀው ባለቤቱን ነው፤ ምን አድርገሃቸው ነው፣ ጢስ አብዝተህባቸው ነው፣ ጉንዳን ገብቶባቸው ነው ይሉታል እንጂ ንቡን ሌባ አይሉትም።

ከዚያ እንደ ልማዴ የአማርኛውን አቻ መፈለግ ጀመርኩ። «ሹልክ አለች» ብል፣ ሹልክ ማለት ከግብዣም ከለቅሶም ይቻላል፤ ወንጀል የለበትም። «ጠፋች» ብል፣ በዚያን ጊዜ አሥመራ ውስጥ ይህን ቃል ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚናገረው፤ ጠፋ የተባለ ወጣት የት እንደሄደ ማንም አይጠይቅም፤ ወደ በረሃ፣ ወደ አማፂዎቹ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። «ኮበለለች» የሚለው ነው ትክክለኛው። ኮብላይ ጌታውን ወይም ቤቱን ይከዳል፤ ወደ ኋላውም አይመለስም። ይህ ሲገባኝ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። እኔ እኮ በየቀኑ በሰባት ሰዓት ተመልሼ እመጣ ነበር። በየቀኑ የሚኮበልልና በየቀኑ የሚመለስ ኮብላይ ከየት ይመጣል?

ከንባብ ክፍሉ ቤቴ ሄጄ የዓመቱን ሦስት ደብተሮች ይዤ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ዲሬክተሩ ቢሮ ደረስኩ። ዲሬክተሩ ከጎንደር የመጣ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። መምህሩም እዚያው ተቀምጦ ሻሂ ይጠጣ ነበር። ጥላውን ዝናብ በሌለበት ወር እንኳ ጉልበቱ ላይ ነው የሚያስቀምጠው።

«ስለ ዝርዝሩ ነው የመጣሁት» አልኩ።

«ዝርዝሩ እኮ ተፈርሟል፣ እኅቴ» አለ ዲሬክተሩ።

«የተፈረመው ፊርማ ልክ ነው። ከስሜ ትይዩ ያለው ቃል ነው ልክ ያልሆነው።»

ዲሬክተሩ ወደ መምህሩ ዞረ። መምህሩ ሻሂውን አስቀመጠ። ከዚህ በኋላ የተባባልነው በእንግሊዝኛ ነው፤ የእሱ እንግሊዝኛ ፈጣን ነው፣ የእኔ ደግሞ ቀስ ያለ፤ ስሕተት ግን አልነበረበትም።

«እኔ ቃል ያለ ሐሳብ አልጽፍም፤ በክፍሉ መዝገብም ብዙ ቀን ጽፌዋለሁ» አለ። «የምትወጪው ፊቴን ወደ ሰሌዳው ሳዞር ብቻ ነው። ነው ወይስ አይደለም?»

«ነው፣ ሰር።»

«ፊቴን ሳላዞር ወጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«አንዴም ፈቃድ ጠይቀሽኛል?»

«አልጠየቅሁም።»

ለዲሬክተሩ እጁን ዘረጋ፤ ነገሩ አለቀ እንደማለት። ያኔ የገለበጥኩትን ወረቀት አወጣሁና ትርጉሙን አነበብኩለት። «በድብቅ» የሚለው ላይ ስደርስ ራሱን ነቀነቀ። «በድንገት» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ።

«ሰር፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ደቂቃ የሚሆን ነገር ድንገት ነው?»

ጥላውን በጉልበቱ ላይ አስተካከለ፤ እኔም ቀጠልኩ።

«ከኃላፊነት ለመሸሽ ይላል። የክፍሉን መዝገብ ይክፈቱልኝና ቃሉ የተጻፈባቸውን ቀኖች ያንብቡልኝ።»

አነበበ። እሱ ቀን ሲጠራ እኔ ደብተሬን እገልጣለሁ። በዚያው ቀን የተሰጠው መልመጃ፣ የመጨረሻው ሩብ ሰዓት መልመጃ፣ ተሠርቶ፣ በእሱ ቀይ ቀለም ታርሞ፣ በእሱ እጅ ቀኑ ተጽፎበት ይገኛል። ሁለተኛው ቀንም እንዲሁ። ሦስተኛውም። ሰባተኛው ላይ ስንደርስ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ቀረበና ደብተሩን ራሱ ይገልጥ ጀመር። ማመን አቅቶት አይደለም፤ ሥራውን በከፊል መተው የማይወድ ሰው ስለሆነ ነው። እኔም እንደዚያው ነኝ። አርባ ሦስት ቀኖች ነበሩ፤ አርባ ሦስቱንም አየናቸው። ዲሬክተሩ በመሐል ሁለት ሰው አስተናግዶ መለሰ።

መምህሩ መነጽሩን አወለቀ።

«በአንድ እጄ ሸሽታለች ብዬ ጽፌአለሁ፤ በሌላው እጄ ሥራዋን አርሜአለሁ» አለ። «ይህ ለእኔ የማይገባ ነገር ነው። ግን ለምን? ለምን ጀርባዬን ስሰጥ ብቻ?»

ያልተዘጋጀሁበት ጥያቄ ይኸኛው ነበር። ስለ አራሷ ነገርኩት። ከዚያ ስለ ነውሩ፣ ንግግር ስለማቋረጥ፣ ጀርባ ስለመስጠት ለማስረዳት ሞከርኩ፤ እንግሊዝኛዬ እዚህ ላይ አጠረኝ። ዲሬክተሩ ገብቶት ከወንበሩ ተነሣ።

«ቆይ፣ እኔ ላሳየው» አለ በአማርኛ። ኮቱን ቆልፎ ለመምህሩ እጅ ነሣና ወደ ኋላ መራመድ ጀመረ። በሦስተኛው እርምጃ የወረቀት ቅርጫቱን ገለበጠ። በአራተኛው ከመደርደሪያው ጋር ተላተመ። «ይቺ ሴት በዴስኮች መካከል ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ስትወጣ አንድ ነገር አለመጣሏ ነው የገረመኝ» አለ ራሱን እያሻሸ።

መምህሩ አልሳቀም። ወደ እኔ ዞረና፣

«በእኛም አገር» አለ ቀስ ብሎ፣ «ከመቅደስ ስንወጣ ጀርባችንን አንሰጥም። እናቴ እስከ ውጪው ደጃፍ ድረስ እንዲህ ነበር የምትሄደው።» ጥላውን ከጉልበቱ አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ግን ይህን ላውቅ አልችልም ነበር። ሰሌዳውን ነበር የማየው።»

«ጥፋቱ የእኔም ነው፣ ሰር» አልኩ። «አክብሮቴን እርስዎ በማያዩበት ቦታ ነው ያስቀመጥኩት።»

ዲሬክተሩ መዝገቡን ወደ ራሱ ሳበ። «ለእኔም ይህ ቃል አልተመቸኝም» አለ፤ አሁን ድምፁ ቀልድ አልነበረበትም። «ወደ ላይ ቢሄድ፣ ሴትዮዋ የት ነው የኮበለለችው ብለው የሚጠይቁት እኔን ነው። በዚህ ዘመን።»

መምህሩ ማስመሪያውን አውጥቶ መሰረዝ ጀመረ። በቀጭን መስመር፣ አንድ በአንድ፣ አርባ ሦስት ጊዜ፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ «ሥራዋን አስረክባ ወጣች» የሚል ሦስት የእንግሊዝኛ ቃል ጽፎ ፈረመበት። ተማሪዎቹ በር ላይ ተሰብስበው ሲጠብቁት እሱ ገና ሠላሳ ሁለተኛው ላይ ነበር። ሲጨርስ ቀና አለ።

«አንድ ግዴታ አለብሽ። ከዛሬ ጀምሮ ስትወጪ በክፍሉ ፊት ቆመሽ፣ በሙሉ ዐረፍተ ነገር፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ፈቃድ ትጠይቂያለሽ።»

ከፈተናው ይልቅ ይህ አስፈራኝ። በዐሥራ ሦስት ዓመት ትምህርት ሳልጠራ ድምፄን ያሰማሁበት ቀን አልነበረም። ግን «እወ» አልኩ፤ እሺ ልል ፈልጌ በድንጋጤ ትግርኛው ነው የወጣው። ዲሬክተሩ ተነሥቶ ዝርዝሩን ከበሩ ላይ በገዛ እጁ ገነጠለው። ለፈተና የሚቀርቡትን ስም የያዘውን ወረቀት አወጣና ከሁሉም በታች ስሜን ጻፈ። ሲጽፍ ቆሜ አየሁ። የአባቴን ስም በ«ሐ» ፈንታ በ«ሀ» ጀመረው፤ አሳየሁትና አረመው።

የዚያን ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሲሆን መምህሩ እየተናገረ ነበር። ወደ ሰሌዳው እንዲዞር አልጠበቅሁም። ተነሣሁ። ንግግሩን አቋርጬ፣ በሙሉ ዐረፍተ ነገር፣ ሥራዬን ጨርሻለሁና ወደ ማኪናዬ እንድሄድ ፈቃድዎ ይሁን አልኩት። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። መምህሩ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ «ፈቅጃለሁ፣ እመቤት» አለ። ጀርባዬን ሰጥቼው፣ ፊቴን ወደ በሩ አድርጌ ወጣሁ። ከኋላዬ የሻሂ ቤቱ ሰው፣ «አየሽ፣ ወደ ፊትም ይቻላል» ሲል ሰማሁት።

ፈተናውን ሰኔ ላይ ተቀመጥኩ። አራሷ በዚያ ሳምንት ሕፃኑን በአማቷ ጀርባ እስከ ፋብሪካው አጥር ድረስ እያስመጣች በዐሥር ሰዓት ከርክክባችን በኋላ አጠባችው፤ «የእኔ ሩብ ሰዓት ለአንቺ ይሁን» ብላኝ ነበር።

ውጤቱ በክረምቱ መጨረሻ መጣ። በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ያለፉት ብቻ፣ በቁጥር ተለጥፎ ነበር። ሰዉ ተጨናንቋል፤ ወላጆች፣ ታላላቅ ወንድሞች፣ ከገጀረትና ከፓራዲዞ ሰፈሮች የመጡ፣ የዝናብ ልብሳቸው የሚያንጠባጥብ። እየተጋፋሁ ቀርቤ በጣቴ ወደ ታች እየወረድኩ ስፈልግ፣ ባርኔጣ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ቆመዋል።

«የታናሽሽን ነው የምትፈልጊው፣ ጓለይ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«አይደለም፣ አባቴ።»

«የልጅሽ ነው?»

ቁጥሬ ላይ ደርሼ ነበር። ጣቴን ከላዩ ሳላነሣ፣

«የራሴ ነው» አልኩ።

ጣቴን ተመለከቱ፣ ቁጥሩን ተመለከቱ፣ ከዚያ እኔን። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ዝናቡ ራሳቸው ላይ ወረደ።

«እንግዲያው የእኔንም ልጅ አንብቢልኝ» ብለው ከኪሳቸው የተጣጠፈ ወረቀት አወጡ። «ዐይኔ አያደርስልኝም።»

የልጃቸውን ቁጥር አገኘሁላቸው። ከኋላቸው ያለች ሴትም ወረቀቷን አቀበለችኝ፤ ከሷ ኋላ ያለው ደግሞ ቁጥሩን በቃሉ ነገረኝ፤ ከጀርባ «አይሰማም» የሚል ድምፅ መጣ። ሽማግሌው ሰዉን በክርናቸው ገፋ ገፋ አድርገው ቦታ ሠሩልኝ። የበሩ ደረጃ ላይ ወጥቼ፣ ዝርዝሩን በጎን እያየሁ ፊቴን ወደ ሰዉ አዞርኩና፣ ከመጀመሪያው ቁጥር ጀምሬ፣ በአጥሩ ውጪ ያለው እንኳ እንዲሰማ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ።